ላልተሰጠ ስልጠና የተሰበሰበ ፊርማ

የካቲት 3
የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተለጥፏል። ገነጠልኩት። ከምሳ ስመለስ ሌላ ተለጥፏል፤ ያውም በትልቁ ተጽፎ! እንግዳ ተቀባይዋን እታለምን ተቆጣኋት።
"አንተ ልጅ፣ ስንቱን ላስታውስ? ስልክ እኔ፣ በሽተኛ እኔ..."
የሰው የደም ምርመራ ውጤት የምንይዝ ላብራቶሪ ነን እኮ። የኮምፒውተር ባለሙያው ደግሞ እኔ። ያስጠላል።

የካቲት 7
ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። ናሙና የሚልክልን ሆስፒታል "ሠራተኞቻችሁ ስለ ኮምፒውተር ጥቃት ሰልጥነዋል ወይ?" ብሎ ጽፏል።
"ወረቀት አዘጋጅና አስፈርም።"
"ስልጠናውስ?"
"ይደርሳል። ነገር አታክብድ።"
ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ አስፈረምኩ። ያነበበ የለም። እታለም ስልክ እያወራች ሞነጫጨረችልኝ። "አሰልጣኝ" በሚለው ላይ የፈረምኩት እኔው ነኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 8
የወረቀቱ ቅጂ ለሆስፒታሉ ተላከ።

የካቲት 19
የፈራሁት ደረሰ። ጠዋት ስገባ ሁሉም ኮምፒውተር ተቆልፎ አገኘሁት። ስክሪኑ "ገንዘብ ካልከፈላችሁ ፋይላችሁን አታገኙም" ይላል። ትናንት እታለም "አስቸኳይ የታካሚ ውጤት" የሚል ኢሜይል ከፍታ ነበር። እንዲህ ያለውን እንዳትከፍት ማን ነገራት?
መጠባበቂያ ቅጂውስ? ዲስኩ በየሳምንቱ ተነቅሎ መቀመጥ ነበረበት። ሥራ አስኪያጁ "መንቀል መሰካት ያበላሸዋል" ብለው ከለከሉ። እሱም እንደተሰካ አብሮ ተቆለፈ።
አንድ አባት መስኮቱ ላይ ቆመው ቀሩ። ልጃቸው ነገ ኦፕራሲዮን አላት። ውጤቷ የለም... ለምርመራ እንደገና ደም ትስጥ አልናቸው። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

የካቲት 21
ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ ያቺን ወረቀት ከፍ አድርገው አሳዩ። "እታለም ሰልጥናለች፣ ፈርማለች። ጥፋቱ የራሷ ነው።" ከሥራ ተሰናበተች።
እታለም ወደ እኔ ዞረች። "የምን ስልጠና? አንተ፣ ተናገር እንጂ!"
ጫማዬን አየሁ። እሳቸው ፈገግ አሉልኝ። ከሳቸው ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ።

የካቲት 22
ለእህቴ ነገርኳት። "እና አንተ ከሰውዬው በምን ተሻልክ?" አለችኝ።

የካቲት 23
ለሥራ አስኪያጁ ጽፌ አስገባሁ። ስልጠና አልሰጠሁም፤ ፊርማውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ግልባጭ ለሆስፒታሉ።
"በገዛ እጅህ ጉድህን አወጣህ" አሉኝ። ይሁን። ግን ለዚህች አንድ ገጽ ሁለት ቀን ፈጀሁ።

መጋቢት 9
ሆስፒታሉ ካልሰለጠናችሁ ናሙና አልልክም ስላለ፣ ዛሬ የእውነት ስልጠና ተሰጠ። አሰልጣኙ ከውጭ የመጣ ነው። እኔ ከማዕረጌ ዝቅ ተደርጌ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እታለም ስንብቷ ተሽሮ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ፊት ተቀምጣ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች።
በእረፍት ሰዓት ጠጋ አልኳት። "እታለም፣ ይቅር በይኝ። ያ ወረቀት..."
"ወረቀቱንስ እኔም ሳላነብ ነው የፈረምኩት። እያየሁህ ዝም ያልከኝን ግን ምን ላድርገው?"
ደብተሯን ይዛ ገባች። "አንተ ልጅ" ማለቱንም ትታዋለች። አሁን "አቶ" ነው የምትለኝ።