በቀበሌ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ሽክርክሪትህ

ልጄ ጉልላት፣ የእንጦጦዋ ማርያም ኪየቭ ድረስ ተከትላ ከብርዱም ከክፉ ባልንጀራም ትሰውርህ። የላክኸው ሹራብ ደርሶኛል። ጉልበቴም ተሽሎኛል፤ ንዴቱ ነው ያልተሻለኝ።

ያቺን የወይራ ሽክርክሪትህን ለእህትህ ልጅ ለመሠረት ሰጥቻት ነበር። ቅዳሜ ደጅ ላይ ከልጆች ጋር በጅራፍ እየገረፈች ስታሾራት ዓምሃ መጣና «የኪነት ልምምድ ትታችሁ!» ብሎ የሁሉንም ሰበሰበ። አዎ፣ አብሮህ ያደገው፣ ንፍጡን እኔ የጠረግሁለት ዓምሃ! አሁን የቀበሌ ሊቀመንበር ነው። ሰኞ የሌሎቹን መለሰ፤ የመሠረትን ብቻ አስቀረ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ቀበሌ ሄድኩ። ሽክርክሪቷ ጠረጴዛው ላይ ከማኅተሙ አጠገብ ተቀምጣለች።

«የልጅቷን ዕቃ አምጣ!»

«እትዬ የሺ፣ ይቺ እኮ የኔ ነበረች። ጉልላት ነው የበላኝ።»

«ታዲያ ቀድማ የወደቀችውን አሸናፊው ይወስዳል፤ ሕጉ ይኼ አይደል?»

«የሱ ልትወድቅ ስትል በእግሩ ደግፏት ነዋ! አልነካሁም ብሎ ይጻፍና እመልሳለሁ።»

የኔን ልጅ አጭበርባሪ! ያውም በጸሐፊዋ ፊት! ሰው ጓድ ሊቀመንበር ተብሎ በልጅነት ሽንፈት ያኮርፋል? ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ የሚከፍት ካለም ያንብበው፤ አልፈራም።

እንግዲህ የኔ ጌታ፣ እግርህ አለመንካቱን ባንዲት መስመር ጻፍልኝ፤ ወስጄ ፊቱ ቆሜ አስነብባለሁ። ነክቶ ከሆነ ግን... ለኔ ብቻ ጻፍልኝ። ያን ጊዜ አፌን ይዤ ለመሠረት ሌላ አስጠርብላታለሁ።

ማርያም እጅህን ትባርክልህ፤ እግርህንም ትጠብቅልኝ።

እናትህ የሺ