ለአባትህ የላክኸው ሰዓት

ልጄ አንዋር፣ አላህ ባለህበት ይጠብቅህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

"ለአእምሮም ለመንፈስም መድኃኒቱ መራመድ ነው" ብለህ ለአባትህ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ላክህ፤ ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ተቀምጠህም እርምጃውን በስልክህ ትቆጥራለህ። ትናንት "ጎበዝ አባባ፣ ዛሬ ሃያ ሺህ!" ብለህ የጻፍከውን የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ጮክ ብሎ ሲያነብለት፣ ሊጡን ሊያስጋግር ይዞ የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አንተን ብሎ ምሁር! የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ በከተማችን በፋስ ዳገት ሃያ ሺህ ይራመዳል? ሰዓቱ የታሰረው ቆዳ በምታመላልሰው በቅሏችን ልጓም ላይ ነው። አባትህማ በር ላይ ተቀምጦ ይውላል።

"ልጅህን ለምን ታታልላለህ?" ብዬ ብቆጣው፣ "እርምጃው ሲበዛ ነው የሚጽፍልኝ" አለኝ።

አላህ በእውቀትህ ላይ ልብ ይጨምርልህ። በቅሎዋ ደክማለች፤ እባክህ ልጄ፣ ደውልለት።