ጥፍርህን አጽድተህ ና

ምላጬ፣

እግርህን አይተህ አትሳደብ፤ ተኝተህ ሳለ ጥፍርህን ቀይ የቀባሁህ እኔ ነኝ። ነገ ፀጉር ቤት ነጠላ ጫማ ስታደርግ ደንበኞችህ እንዲስቁብህ ነበር።

ግራ እግርህ ጋ ስደርስ ግን እንደ በረዶ ቀዝቅዞ አገኘሁት፤ ጣቶቹም ጠቁረዋል። በመርፌ ጫፍ ነካ አደረግኩህ። ማንኮራፋትህን እንኳ አላቋረጥክም።

አዞ በቡጢ የጣልኩ ቀን እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። ሳቅም ፍርሃትም አልመጣልኝም፤ የቀለሙን ክዳን ደጋግሜ ሳጠብቅ ቆየሁ።

ብቀሰቅስህ "አንተ ቀጣፊ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አመጣህ?" ትለኛለህ። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ተራ ልይዝልህ ሄጃለሁ። ባለታክሲው ጎረቤታችን አሁኑኑ መጥቶ ያንኳኳል፤ አብረኸው ውጣ።

እግርህን ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳትነክር፤ ቢልጥህም አይሰማህም።
ሲጋራህን ወስጄዋለሁ፣ አትፈልገው።
ሐኪሟ የጥፍርህን መልክ ማየት አለባት፤ የቀለሙ ማስለቀቂያ መስኮቱ ላይ ነው።

ለደም ዝውውሩ የታዘዘልህን ኪኒንም ይዘህ ና። "በየቀኑ እውጣለሁ" ስትለኝ ከርመህ፣ መርፌ ስፈልግ መሳቢያህ ውስጥ ከነማሸጊያው አገኘሁት።

ስትጠየቅ እውነቱን ንገራት። በዚህ ቤት ውሸታሙ እኔ ብቻ ልሁን።