መርዶውን ሰው ይንገራት

ለወንድሜ ለደመላሽ፤

አባባን ቀብረን ከተለያየን ወዲህ እንደምን ሰነበትህ? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? ወባውስ ተወህ ወይ? ሕፃኗ ሂዊ እግር አወጣች? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። እናታችንም ደብረ ወርቅ ደህና ናት፤ ጥቁሯን ግን አላወለቀችም።

በስልክ ልነግርህ ነበር። ስልኩ ግን የአክስታችን ነው፤ እሷ አጠገቤ ስትቆም አፌ ይያያዝብኛል። ስለዚህ ይህን ወደ እናንተ ለሚወርደው ሹፌር ለአስማማው ሰጠሁት።

ሥራዬን ጠይቀኸኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን አማርኛ ያነባል። ካነበበው ውስጥ አወቅሁ የሚለውን እያወጣ ያሳየናል፤ እኛ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው እንለዋለን። እውነት ያልነውን ይይዝና በስልክ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ይናገራል። ከሰው ጋር ስለማያነጋግረኝ ወድጄው ነበር።

በቀደም ግን «የደብረ ወርቁ የቅኔ መምህር ኪዳነ ማርያም አርፈዋል» የሚል መጣብኝ። የአባባ ተማሪዎች ፌስቡክ ላይ የጻፉትን የኀዘን ቃል አንብቦ ነው። እህታችን ያለምወርቅ ከቤይሩት ለፋሲካ አገሯ እስክትገባ አትስማ፣ ሰው ቤት ብቻዋን ሆና ማን ይይዛታል ብላችሁ፣ አንተና አጎታችን በመሐላ አስራችሁን የለ? በደወለች ቁጥር አባባ ቅዳሴ ናቸው፣ አባባ ለቅሶ ሄደዋል እያልሁ የምመልስላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሐሰት አልሁት።

ለካ አንዱን ነገር ሦስት ሰው ያየዋል። ሁለቱ እውነት ብለውት ኖሮ የእኔ ወደቀ። አለቃችን ምናለ በሁሉ ፊት፣ «አንቺ ልጅ፣ ሙት ማስነሣት ጀመርሽ እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። አባቴ ናቸው ማለት አቃተኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ትናንት ያለምወርቅ ደወለች። ማዳሟ ስትወጣ ስልኳን በአማርኛ እየጠየቀችው ትጫወታለች አሉ። ስለ አባባ ቅኔ ቤት እጠይቀዋለሁ፣ ስማቸውን ሲጠራልኝ ደስ ይለኛል አለችኝ። የምትጠይቀው ያንኑ እኛ የምናስተምረውን ነው፤ አሁን ያስተማርነው በዚህ ወር መጨረሻ ይገባለታል ተብሏል።

ወንድምዓለም፣ ሥራውን ብተወው እሱ የተማረውን አይረሳ። ብነግራት መሐላ አፈርሳለሁ፤ ዝም ብል ማሽን ያረዳታል። መርዶ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው የሚነገር። ማሽን ሰዓት አይመርጥ፣ የሚደግፍበት ክንድ የለው። ቤይሩት ያለችው የይጁቤዋ ማሬ ስልኳ አንተ ዘንድ አለ። እባክህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የአገራችንን ሴቶች ሰብስባ ትንገራት። አጎታችን አንተን ይሰማል፤ መሐላውን ፍቱልን። እኔም ያለምወርቅ ስትደውል ድምፄ እንዳይሰልልባት ስል፣ እስካሁን ለአባባ ደህና አድርጌ አላለቀስሁላቸውም።

ባለቤትህን እስከዳርን እጅ ነሥታለች በልልኝ። ሂዊን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ።

እህትህ ወለተ ኪዳን
ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.