ባቢሎን ላይ ምን ተከሉ?

ሰኞ፣ የካቲት 3። ከት/ቤት መልስ

የ9ኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ። ቀዩ እስክሪብቶ አለቀ፣ በአረንጓዴ ቀጠልኩ። ሳሚ ከቡታጅራ ደወለ። ሽማግሌዎቹ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ይመለሳሉ። ባለፈው አባባ ምን ብሎ እንደሸኛቸው ነግሬሻለሁ፣ ማስታወሻዬ፤ ጌታ በደጅ ነው፣ አሁን የምን ሰርግ! ያ ቤተ ክርስቲያናችን የመጣ እንግዳ ሰባኪ ትንቢቱን ከዜና ጋር እያገጣጠመ ጌታ ሊመጣ ሁለት ዓመት ቀረን ካለ ወዲህ አባባ የእንሰት ችግኝ እንኳ መትከል ትቷል። ጉራጌ እንሰት አልተክልም ካለ ነገሩ የምር ነው። እኔ ደግሞ ሳሚን ማግባት እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5። ማታ

የመ/ቅዱስ ጥናት መሪያችን ታመመች። የሚቀጥለውን ረቡዕ ኤር. 29ን እኔ ላስጠና! የታሪክ መምህር ነሽ፣ ያንቺ ነው አሉኝ። አባባ ከኋላ ወንበር አይጠፋም። መጀመሪያ ልቤ ዘለለች፣ ቀጥሎ ፈራሁ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሊሉኝ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 9። ከሰዓት

ደስ ሲል! ምዕራፉ ደብዳቤ ነው። ለናንተ መልካም አስባለሁ የሚለውን በየባጃጁ መስታወት እንለጥፋለን፤ ለማን እንደተጻፈ ግን ጠይቀን አናውቅም። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም አግዞ ባቢሎን ላወረዳቸው ሰዎች ነው። በዚያው ሰሞን ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ነገሩ ያበቃል አለ። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት ነው፤ ቤት ሥሩ፣ ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ብሎ ጻፈላቸው። ዳሩ! ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ደነገጥኩ፤ ለራሴ ጥቅም እያጣመምኩት ቢሆንስ? ደግሜ አነበብኩ። አላጣመምኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12። ማታ

ካርታ ሰቀልኩ። ንጉሥ በንጉሥ፣ ጦርነት በጦርነት ላይ ደረደርኩ። ሰው ያንጎላጃል። ላብ በላብ ሆንኩ። እማማ ፋንታዬ፣ ገበያ ላይ ቆጮ የሚሸጡት፣ እጃቸውን አወጡ። ባቢሎን ላይ ምን ተከሉ? ጭራሽ አላሰብኩበትም ነበር። አገሩ የተምር አገር ነው አልኩ፤ ተምር ደግሞ ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈጃል፣ በሁለት ዓመት እሄዳለሁ የሚል ሰው አይተክለውም። እማማ ጭናቸውን መቱ፦ «እንደኛው እንሰት ነው በይኛ!» ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያንጎላጀው ሁሉ ነቃ። እኔም ትምህርቴ ገና ያኔ ገባኝ።

አባባ አልሳቀም። መንገድ ላይ፣ ሐናንያ ሐሰተኛ መሆኑን ሕዝቡ በምን ይወቅ ብሎ ጠየቀኝ። ከባድ ነበር አልኩት፤ እሱም በእግዚአብሔር ስም ነው የተናገረው፣ የሚናገረውም የሚጥም ነበር። ከዚያ እርምጃውን አፍጥኖ ቀድሞኝ ቤት ገባ። ወይኔ፣ አስቀየምኩት!

ዓርብ፣ የካቲት 14። ከራት በኋላ

አባባ መነጽሩን አድርጎ ኤርምያስን ከመጀመሪያው ጀምሯል። እማዬ ተይው ትለኛለች። ራት ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ታዲያ ጌታ አይመጣም ነው የምትይው? ይመጣል አልኩ። በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ቀኑን ግን ማንም አልነገረንም። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እምቢ አልለየሁም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15። 4 ሰዓት

መጡ! ማድ ቤት በር ሥር ቆሜ እየጻፍኩ ነው። ቆመው ቃላቸውን ተናገሩ። አባባ ቁጭ በሉ አላቸው። ባለፈው እንደቆሙ ነው የሸኛቸው! እማዬ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። ፈቅጃለሁ አለ። ፈቅጃለሁ! ደግሞ ቀን ይቆረጥ፣ ከፋሲካ ማግስት ይሁን አለ። ሁለት ወር! ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ እያለቀስኩ መሰለኝ። አንዱ ቀልደኛ ሽማግሌ አላስቻለውም፤ እስከዚያ ጌታ ቢመጣስ አለው።

«ይምጣ፤» አለ አባባ፣ «ድንኳኑ ውስጥ ያገኘናል።»

እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ሳሚ ጋ እየደወልኩ ነው። አያነሳም። አያነሳም። ብረት እየበየደ መሆን አለበት፣ አይሰማ — አነሳ፣ አነሳ