ፍየል የጠበስንበት መሰላል

ሰኔ 12
ዛሬም በጀት ልንጨርስ ተሰበሰብን። ኃላፊያችን አቶ ሌንጮ፣ "እስከ ሠላሳ ያልተነካ ብር ተመላሽ ነው!" አሉ። ተመላሽ... በቢሮአችን ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። የካፒታል በጀት ተርፏል። ምን ይገዛ? አፌ መች ያርፋል፦ "ለኤላው የውሃ ሞተር!" ተጨበጨበልኝ።

ዱብሉቅ አጠገብ ያለው ኤላ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ወንዶች መሰላል ላይ ከታች እስከ ላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ከብቱ በተራው ይጠጣል።

ሰኔ 27
ምረቃ። ለቢሮ ወንበር ሁለት ዓመት የፈጀ ግዢ፣ ሞተር በሁለት ሳምንት አመጣ። ንግግሩን የጻፍኩት እኔ፦ "የጉልበት ብክነት አበቃ! ምርታማነት በቧንቧ ይፈሳል!" በገዛ ንግግሬ እንባዬ ሊመጣ...

ፍየል ታረደ፤ ማገዶ ጠፋ። "መሰላሉ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?" አልኩ። ፈልጠን ጠበስንበት። የውሃውን ተራ የሚመሩት አባ ጎሊቻ አልበሉም። "ጥርሴን ያመኛል" አሉ። ጥርሳቸው ከኔ ይሻላል እኮ።

ሐምሌ 26
ኤላው ጋ ዘፈን የለም። ጎረምሶቹ ለጫኝነት ሞያሌ ወረዱ። "ነጻ የወጣ የሰው ኃይል" ብዬ ሪፖርት አደረግኩ።

ነሐሴ 9
ሞተሩ ቆመ። ጤነኛ ነው፤ ናፍጣ የለውም። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሳ ዋጋው ናረ። እኛም መደበኛ በጀት ላይ ለናፍጣ ሰባራ ሳንቲም አልያዝንም።
"ከካፒታሉ አዛውሪልን" አልኳት የሂሳቧን ሰንበቴ።
"የሞተሩ መግዣ ሌላ፣ የሞተሩ ቀለብ ሌላ! ዕቅዱን ያወጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ?"
ነኝ...

ነሐሴ 11
ኤላው ጋ ሄድኩ። ከብቱ አፋፉ ላይ ይጮሃል። "አካም? ናጋ?" ብለው ሰላም አሉኝ አባ ጎሊቻ፣ እንደ ደህና ሰው።
"አባ፣ እስከዚያው በባልዲ ብትቀዱስ?"
"በምን እንውረድ ልጄ? መሰላሉን በላችሁት።"
ቡሬ ላማቸው ተኝታለች። ጎትተን ልናስነሳት ሞከርን። አልተነሳችም።

ነሐሴ 14
ከሩቅ ግንድ ተሸክመን መሰላል ሠራን። ባልዲ የሚቀባበለው ሰልፍ ላይ ግን ሰው ጎደለ።
"አንተ፣ ምርታማነት!" አሉ አባ ጎሊቻ። "ውረድ!"
ሁሉም ሳቀ። ስሜ ይኸው ሆነ።
ወረድኩ። ዘፈኑን አላውቀውም። ባልዲውን ደረቴ ላይ ደፋሁት። "ብክነት!" አለ ከታች አንዱ።
የተረፉት ላሞች ጠጡ።
ማታ አቶ ሌንጮ ደወሉ፦ "የሞተሩ ሪፖርትስ? ነገ ጠዋት ቢሮ ትገባለህ?"
"ነገም ተራ አለብኝ።"
"የምን ተራ?"
"የባልዲ።"