እጅህን የሳምኩበት ምክንያት

ሲራጅ፣

በኩፖን የቀዳነውን ናፍጣ ማንም አልሰረቀንም። ዛሬ ታንከሩን ስከፍተው ግማሹ እንዳለ ነው። ባዶ ነው የሚለው ጌጁ፣ የነዳጅ መለኪያው ነው።

ለፊያቷ የጭነት መኪና ጥልቅ ታንከር የገጠምኩላት እኔ። የድሮዋን አጭር የጌጅ ተንሳፋፊ መልሼ የከተትኩትም እኔ፤ ታች ስለማትደርስ ግማሽ ላይ «አለቀ» ትላለች። ወልድያ የሚያውቀኝ በመካኒክነቴ ነው። አይ መካኒክ!

ጌጁን አትመን፣ በእንጨት ለካ።
የክዳኑ ቁልፍ ትራስህ ሥር ነው። ለምን እንደቆለፍኩት አትጠይቀኝ።
መኪናዋን አንተ ያዛት፤ እኔ በአውቶቡስ መርሳ ሄጃለሁ።

ሰሞኑን እንደ እናንተ ቤት ወግ እጅህን እየሳምኩ ሰላም ስልህ ደስ ብሎህ ነበር።
ናፍጣ ይሸት እንደሆነ እያሸተትኩህ ነበር።

ሳሙና ብቻ ነው የሸተተኝ።

ሓድጉ